ምርትን ማብዛት ብቻ ድህነትን ያርቃልን?



ስለ ድሆች ስንናገር ብዙውን ጊዜ በዐይነ ሕሊናችን የሚመጣው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጁን የሚዘረጋው ነው። ነገር ግን በአገራችን ከድሆች የሚበዙት ለምነው የሚኖሩ ሳይሆኑ አርሰው የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ የገጠሩን ድህነት ለማቃለል የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የእርሻውን ነገር ሊመረምር ይገባዋል።

በመንግሥት ጥናት መሠረት በ1988 ዓ.ም. ከገጠሩ ሕዝብ 47.5 በመቶ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 25.6 በመቶ ወርዶ ነበር። እስከ 2003 ዓ.ም. የነበረውን ለውጥ የመረመረው የዓለም ባንክ ግምገማም ለመሻሻሉ ዋነኛው ምክንያት የእርሻ እድገት መሆኑን ገልጿል። ሆኖም ይኸው ግምገማ ድህነት ይበልጥ የቀነሰው ለከተማ ገበያ በቀረቡ ስፍራዎች መሆኑንና ከሁሉ በታች ያሉት ድሆች ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙም እንዳልተጠቀሙ አመልክቷል። ይህ ለምን ሆነ?

1. ከበቆሎው ዋጋ የምንማረው

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር የሚያከፋፍለው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአገሪቱ ተስፋፋ። ዝናቡም ስለ ሠመረ በ1993 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት ተትረፈረፈ። ነገር ግን መንገዱ፣ መጋዘኑና ገዢው ከምርቱ ጋር አላደጉም ነበርና በብዙ ስፍራ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወረደም። ዕዳው የሚከፈለው አዝመራ እንደ ተሰበሰበ ስለ ሆነ ገበሬው እህሉን ዋጋው እጅግ በረከሰበት ወራት ለመሸጥ ተገደደ። ብዙዎችም በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ መውሰድን ፈሩ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በጎደለ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ የሚሻ ሆነ። እንግዲህ ጎተራ ሞልቶ ኪስ ባዶ ሊሆን እንደሚችል፣ የአንድ ዓመት ጥጋብም የሚቀጥለውን ዓመት ረሃብ እንደማይከለክል ከዚህ እንረዳለን።

2. አፈርና ውሃ

ማዳበሪያ ጎርፍ በሚያጥበው መሬት ላይ ቢበተን ገንዘብን ከጎርፍ ጋር መላክ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ትግራይ በኢሮብ ተራራማ አገር ገበሬዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ድንቅ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። በወራጁ ላይ የድንጋይ ግድብ ይገነባሉ፤ ጎርፉ የሚያመጣው አፈር ከግድቡ በስተኋላ ይጠራቀማል፤ ደለሉ በሞላ ቁጥር ግድቡ ይጨመርበታል። ቀድሞ ድንጋይ ብቻ የነበረበት ሸለቆ እርጥበት የሚይዝ እርሻ ይሆናል። ሥራውንም “ዳልዳል” ይሉታል። ይህን የመሰለ ድካም ግን ፍሬው ለብዙ ዓመታት የሚጠበቅ በመሆኑ፣ መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው አይጀምረውም። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውና ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

3. ኅብረት በገበያ

አንድ ኩንታል ይዞ ብቻውን ገበያ የወጣ ገበሬ ነጋዴው የቈረጠለትን ዋጋ ይቀበላል። መቶ ሆነው አንድ መጋዘን ያላቸው ገበሬዎች ግን ከጥር እስከ ሰኔ ሊጠብቁ ይችላሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ገበሬዎች በፈቃዳቸው እንዲደራጁ መንገድ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ማኅበር በወረቀት አይቆምም፤ ሒሳቡ ለአባላቱ በግልጽ ሲነበብ፣ አመራሩም በእውነተኛ ምርጫ ሲሾም ይቆማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው አባባል ድሩ ካልተበጠሰ ነው።

4. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) “ማተር ኤት ማጂስትራ” በተባለው መልእክታቸው ስለ እርሻ በሰፊው አስተምረዋል። ገጠሩ መንገድ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትምህርትና ሕክምና፣ እንዲሁም ተገቢ ብድርና ፍትሓዊ ዋጋ ሊያገኝ እንደሚገባው፣ የእድገቱም ዋነኛ ሠራተኞች ገበሬዎቹ ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚገባ አመልክተዋል። ከዚህ አንጻር እርዳታ አስፈላጊ ቢሆንም የገበሬውን ሐሳብ ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ በየቁምስናችን የልማት ሥራ ሲታሰብ “ምን ያህል ይመረታል?” ብለን ብቻ አንጠይቅ። “ማን ያተርፋል? መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ባል የሞተባቸው እናቶች ከዚህ ምን ያገኛሉ?” ብለንም እንጠይቅ። እነርሱን የዘነጋ እድገት የገጠሩን ድህነት በግማሽ መንገድ ይተወዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ገበሬው እህሉን የሚሸጠው በየትኛው ወር ነው? ያን ጊዜ እንዲሸጥ የሚያስገድደውስ ምንድን ነው?
ለ. በቁምስናችን ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ፣ ሴቶችና ድሆች በአባልነትና በአመራር ምን ድርሻ አላቸው?
ሐ. ከነቀዝ የሚጠበቅ የጋራ ጎተራ ለመሥራት ከእኛ ጉልበትና ዕውቀት ምን ሊገኝ ይችላል?