ምዕራፍ 9፦ ዲሹ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ጥር ላይ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ በፈረንጅ 7:30። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የዕለቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ነው። ቡናው አልፈላም፣ ልጆቹም አልተነሱም። ቴሌቪዥኑ ድንገት ጠቁሮ «ሲግናል የለም» ይላል። ሌሊቱን የጣለው እርጥብ በረዶ ዲሹ ላይ ተጋግሯል። አባወራው በነጠላ ጫማ ወጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ሲያራግፈው አፉ ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፦ «ይሄን ጉድ ነቅዬ ኬብል ባላስገባ!»

እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ እያለሁ በነጠላ ጫማ ወጥቻለሁና ንዴቱን አውቀዋለሁ። መጥረጊያ ተይዞ የተወሰነ ውሳኔ ግን ብዙ ጊዜ ለዓመት ወይም ለሁለት ዓመት በሚያስር ውል ያልቃል። በረዶው እስከ ቀትር ይቀልጣል፤ ቢሉ ግን በየወሩ ይመጣል። ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ዲሹን በኬብል ከመቀየሩ በፊት ተረጋግቶ ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮችን እዚህ ላካፍልዎ።

በሽታው የት ነው?

መጀመሪያ ዲሹን ራሱን እንመርምር። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው የቆመ ይመስላል። ዲሽ አንድ ጊዜ ከተነጣጠረ በኋላ የማይነካው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ናይልሳትን የሚቀበል ዲሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ዋሽንግተን አካባቢ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስለራቅን ዲሾቻችን የሚያዩት ደቡቡን ሰማይ ነው። ለምሳሌ በ97 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ላለው ጋላክሲ 19 ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ቀና ማለት ይበቃል። ይህን ሳተላይት ከእኛ ሰው ብዙው በነፃ ቻናሎቹ ያውቀዋል።

ይህ 40 ዲግሪ በቀላሉ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ከዲሹ በላይ 10 ሜትር የሚረዝም ዛፍ በዚያ አቅጣጫ ካለ፣ ከዲሹ ቢያንስ 12 ሜትር መራቅ አለበት። ካልራቀ መንገዱን ይዘጋል። ክረምቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ሲታይ የነበረ ቻናል ግንቦት ላይ መሰባበር ከጀመረ ጥፋቱ የኩባንያው ሳይሆን የቅጠሉ ነው። መድኃኒቱም ዲሹን ሁለት ሜትር ወዲያ ማዛወር እንጂ ኬብል ማስገባት ላይሆን ይችላል።

ዝናብም እንደዚሁ ነው። አብዛኛው የቤት ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ይመጠዋል፣ ይበትነዋል። የነሐሴ ነጎድጓድ ገና ደጅዎ ሳይደርስ ምስሉ ቀድሞ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ሞገዱ አግድም ተንጋዶ ስለሚመጣ ከቤትዎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚዘንበው ዝናብ ውስጥ ያልፋልና። በከባድ ዝናብ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋት የዲሽ ጠባይ ነው፤ ይቻላል። ካፊያ በጣለ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ግን ወይ ዲሹ ከአቅጣጫው ተንሻፏል፣ ወይ ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት የተገጠመው ተቀባይ) ደክሟል፣ ወይ የገመዱ መጋጠሚያ ውኃ ገብቶበታል። አንድ ጥሩ የዲሽ ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ለዚህ ብሎ የሁለት ዓመት ውል የሚፈርም ሰው፣ ጎማው ስለተነፈሰ መኪናውን የሚሸጥ ሰው ነው።

ገመዱስ ከየት መጣ?

ኬብል የተወለደው በተራራ ምክንያት መሆኑን ሳነብ፣ የደጋ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በፔንሲልቬንያ፣ ማሃኖይ ሲቲ በምትባል የከሰል ከተማ ጆን ዎልሰን የተባለ የዕቃ ነጋዴ ቴሌቪዥን አምጥቶ ገዢ አጣ። ከተማዋ በተራሮች መካከል ስለሆነች የፊላደልፊያ ጣቢያዎች አይደርሱባትም። እሱም አንቴናውን ተራራው ላይ ተክሎ ገመድ እስከ ሱቁ ዘረጋ፤ ቀጥሎም መስመሩን ለደንበኞቹ ቤት አዳረሰ። በዚያው ዓመት በኦሪገን፣ አስቶሪያ ኤድ ፓርሰንስ ተመሳሳይ ነገር ስለሠራ የማን ይቀድማል የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ኬብል ማለት ከመጀመሪያው «አንዱ ትልቅ አንቴና ያቆማል፣ ጎረቤቱ በገመድ ይካፈላል» ማለት መሆኑ ነው።

ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው። የኬብል ኩባንያው ብዙዎቹን አገር አቀፍ ቻናሎች ሲቀበል የኖረው በራሱ ግቢ ባቆማቸው ትልልቅ ዲሾች ከሳተላይት ነው። ከዚያ ወደ ሰፈርዎ በፋይበርና በኮአክሲያል ገመድ ይልካቸዋል። በመጋቢትና በጥቅምት ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ለጥቂት ደቂቃ የሚፈጠረው መቋረጥ አንዳንዴ በኬብል ቤትም የሚታየው ለዚህ ነው። ከዲሽ ወደ ኬብል መሄድ እንግዲህ አልሸሹም ዞር አሉ ነው። የሚቀየረው የዲሹ ባለቤትና የመጨረሻው መንገድ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የእነሱ ዲሽ ከእርስዎ ዲሽ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ተራ ዝናብ አይበግረውም። በአንጻሩ ገመዱ የራሱ በሽታ አለው፤ መኪና ምሰሶ ሲገጭ ወይም በመንገዱ ላይ ያሉት ማጉያዎች መብራት ሲያጡ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይጨልማል። ያን ጊዜ ደግሞ በመጥረጊያ የሚራገፍ ነገር የለም፤ ስልክ ይዞ መጠበቅ ነው።

ዋጋው ላይ እንቆይ

የኬብልም የሳተላይትም ሻጮች በዋጋ ጉዳይ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በራሪ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር እርስዎ የሚከፍሉት አይደለም። ምሳሌ ላስላልዎ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ አካሄዱ ግን የሁሉም ነው። ወረቀቱ በወር 60 ዶላር ይላል እንበል። ቤትዎ 3 ቴሌቪዥን አለ፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ኪራይ 10 ዶላር ሲሆን 30 ተጨመረ። የብሮድካስት ቲቪና የአካባቢ ስፖርት ክፍያ የሚባሉት 25 አመጡ። የመጀመሪያው ዓመት በወር 115 ዶላር ሆነ። 12 ወር ሲያልፍ የማስተዋወቂያ ዋጋው ያበቃና 60ው 90 ይሆናል፤ በወር 145። ሁለቱን ዓመት ደምረው ለ24 ሲያካፍሉት በወር 130 ዶላር ይመጣል፤ ያውም ታክሱ ሳይገባ። «60 ዶላር» ያሉት ይኸውልዎ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ በስልክ «ዋጋው አይጨምርም» ተብዬ ፈርሜ በ13ኛው ወር ቢሉን ሳይ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ደውዬ ስጨቃጨቅ የማይጨምረው የፓኬጁ ዋጋ ብቻ እንደነበር፣ «ክፍያዎች» ግን ሌላ እንደሆኑ ተነገረኝ። እንግሊዝኛዬ ሳይሆን ጥያቄዬ ነበር የጎደለው። የፌዴራል ኮሚኒኬሽን ኮሚሽን በማርች 2024 የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች የቻናሎቹን ጠቅላላ ዋጋ በማስታወቂያና በቢል ላይ በአንድ መስመር እንዲያሳዩ ደንብ አውጥቷል። ታክስና የሳጥን ኪራይ ግን ከዚያ ውጭ ናቸው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በ13ኛው ወር ከኪሴ ጠቅላላ ስንት ይወጣል?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

የአሁኑን የሳተላይት ውልዎንም ያውጡና ያንብቡ። ለቀረው ለያንዳንዱ ወር 20 ዶላር የሚያስቀጣ ውል ይዘው 10 ወር ከቀረዎት፣ ኬብሉ ገና ሳይገባ 200 ዶላር አስከፍሎዎታል ማለት ነው።

ለተከራይ

አፓርታማ የሚኖር ሰው «አከራዬ ዲሽ ከለከለኝ፣ ምርጫ የለኝም» ሲል እሰማለሁ። በ1996 የወጣ የፌዴራል ደንብ አለ፤ ወርዱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዲሽ እርስዎ ብቻ በሚጠቀሙበት ቦታ፣ ለምሳሌ በራስዎ በረንዳ ላይ፣ እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። ለደኅንነት ወይም ለታሪካዊ ሕንፃ ጥበቃ ተብሎ የሚደረግ ክልከላ ይለያል። የጋራ ጣራና የውጭ ግድግዳ ግን መብትዎ አይደለም፤ ግድግዳ ከበሱ አከራዩ ያሸንፋል። በረንዳዎ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነም ደንቡ ምንም አይረዳዎትም፤ ሳተላይቱ እዚያ የለም።

ማን ነው የሚያየው?

ሰው ሁሉ ቻናል ይቆጥራል፤ ተመልካቹን የሚቆጥር ጥቂት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ከ200 በላይ ቻናል ያለው ፓኬጅ ነበረን። ሪሞቱን ይዛ ስትዞር ስትዞር ቆይታ፣ «ይሄ ሁሉ እያለ አንድ የሚታይ የለም እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። የፈለገችው የአገር ቤት ዜና፣ የእሁድ ቅዳሴና አንድ ድራማ ነው። ኢቢኤስ እንኳ በ2008 የተመሠረተው ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ሳለ፣ እኛ በዚያው ከተማ ተቀምጠን በከፈልንበት ፓኬጅ ውስጥ አላገኘነውም። በመጨረሻ እናቴ የምትፈልገውን ሁሉ በዩቲዩብ ከፈትንላት፤ ከዚያ በኋላ ሪሞቱን የነካ ሰው አልነበረም።

የእግር ኳሱም ታሪክ እዚያው ይወስዳል። የፕሪሚየር ሊግ የአሜሪካ መብት ከ2013 ጀምሮ በኤንቢሲ እጅ ነው። ከጨዋታዎቹ ከፊሎቹ በቻናል፣ ከፊሎቹ ደግሞ ፒኮክ በሚባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ ይተላለፋሉ። ዲሽም ይኑርዎት ኬብል፣ ለእነዚያ ጨዋታዎች ኢንተርኔት ያስፈልግዎታል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል ብዙ ጊዜ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። ጎረቤትዎ የዩናይትድ ደጋፊ ከሆነ ጎሉን በጩኸቱ ቀድመው ይሰሙታል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለቴሌቪዥን ብለው ከዲሽ ወደ ኬብል አይሂዱ። ኬብል ከዲሽ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ቴሌቪዥኑ ሳይሆን በዚያው ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት ነው። ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት፣ እርስዎ ከቤት የሚሠሩበት፣ እናትዎ ቅዳሴ የምታይበት እሱ ነው። የተለመደው የሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ታች ብቻ ይልካል፤ ይህን ሊሰጥዎ አይችልም። ስለዚህ ከኬብል ኩባንያ ወይም ፋይበር ካለ ከፋይበር ኢንተርኔቱን ብቻ ይግዙ። ሻጩ «ቲቪውን ቢጨምሩ ይረክሳል» ይላል፤ በ13ኛው ወር ስንት እንደሚሆን ይጠይቁት።

የአካባቢ ዜና፣ ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲ፣ ፎክስና ፒቢኤስ ደግሞ ለብዙ ከተማ ነዋሪ በአየር በነፃ ይመጣሉ። አሜሪካ ከጁን 12 ቀን 2009 ጀምሮ ሙሉ ኃይል ያላቸውን ጣቢያዎች ወደ ዲጂታል ስላዞረች፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ርካሽ አንቴና ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። በነፃ ቻናል ብቻ የሚሠራ የራስዎ ዲሽ ካለዎትም አያውርዱት፤ ወርኃዊ ቢል የለበትም፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ያገለግላል።

ኬብል ቲቪ በእርግጥ የሚጠቅመው ቤት አለ፤ ደቡቡ በዛፍ ወይም በሕንፃ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔቱን አስቀድሞ ከዚያው ኩባንያ የገዛ፣ የአሜሪካን ስፖርት በየቀኑ የሚያይና ዕድሜው የገፋ ሰው አንድ ሪሞት ብቻ እንዲይዝ የሚፈልግ ቤት። እንዲህ ያለ ቤት ይቀይር፤ ሁለት ዓመት ሳያስር በየወሩ የሚታደስ ውል ካለ እሱን ይምረጥ።

ለመቀየር ከወሰኑ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን አዲሱ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሳይሠራ አሮጌውን አይሰርዙ። ሲሰርዙ የሰረዘልዎትን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ይጻፉ። ሪሲቨሩን፣ ሪሞቱንና ከጠየቁ ኤልኤንቢውን በላኩልዎ ካርቶን ይመልሱ። ዲሹን አብዛኛውን ጊዜ መጥተው አያወርዱትም፤ እሱ ለእርስዎ ይቀራል። ዕቃውን የመለሱበትን ደረሰኝ ግን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይጣሉት፤ «ሪሲቨሩ አልደረሰንም» የሚል ቢል ከስድስት ወር በኋላም ይመጣል።