አንድ ስም፣ አራት ሸርጣን

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በእነዚህ ብልቃጦች ውስጥ ያሉት የጭቃ ሸርጣኖች ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። አልኮሉ ቀለማቸውን አጥፍቶታል፤ የአንዳንዶቹም እግር ተነቅሏል። እንዲህ ከደበዘዘ ነገር ዝርያ ይለያል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

አዛውንቱ፦ የቀለሙ መጥፋት በእርግጥ ጉዳት ነው፣ ልጄ። ስኪላ ሴራታ በሕይወት ሳለ መቆንጠጫውም እግሮቹም ሁሉ መረብ በሚመስል ሥዕል የተሸፈኑ ናቸው፤ ስኪላ ኦሊቫሲያ ግን ይህ ሥዕል ወይ የለውም ወይ እምብዛም አይታይም። አልኮል ውስጥ ሲቆዩ ይህ ማስረጃ ይጠፋል፤ ቅርጹ ግን ይቀራል። እስቲ አንዱን አውጪና ፊት ለፊት ተመልከቺው። በጀርባው ቅርፊት ጎንና ጎን ዘጠኝ ዘጠኝ ጥርስ ትቆጥሪያለሽ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የጎኑ ጥርስ ጎላ ያለ ስለሆነ ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን የስኪላ ወገን አራቱም ዝርያዎች፣ ሴራታ፣ ኦሊቫሲያ፣ ፓራማሞሳይንና ትራንኬባሪካ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ስላላቸው ቆጠራው ምንም አይለይልሽም። አሁን በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያሉትን አራት ጥርሶች እያቸው። በሴራታና በፓራማሞሳይን ረዘም ያሉ ናቸው፤ በትራንኬባሪካ መካከለኛና ጫፋቸው ደነዝ ያለ፣ በኦሊቫሲያ ደግሞ አጫጭርና ክብ ናቸው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የግንባሩን ጥርስ ለክቶ መፍረድ ይበቃል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ አይበቃም። እንዳልኩሽ፣ በግንባር ጥርስ ቁመት ሴራታና ፓራማሞሳይን ይቀራረባሉ። እነሱን ለመለየት ከመቆንጠጫው መዳፍ በፊት ያለውን አንጓ ማየት ያስፈልጋል። ሴራታ በአንጓው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሁለት ጉልህ እሾሆች አሉት፤ አዋቂው ፓራማሞሳይን ግን አንዲት ትንሽ ጉብታ ብቻ ትታይበታለች። በአንጓው ብቻ ብትፈርጂ ደግሞ ትራንኬባሪካም ሁለት እሾሆች ስላሉት ከሴራታ ጋር ይደባለቅብሻል፤ እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው ግንባሩ ነው። አንዱ ምልክት የደበቀውን ሌላው ይገልጠዋልና ሁልጊዜ ሁለቱን አጣምረሽ እዪ። ዕድሜም አለ። ፓራማሞሳይን ገና ትንሽ ሳለ ያቺ ጉብታ እሾህ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ አይቶ ዝርያ መወሰን አደገኛ ነው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ ወንዱንም ሴቷንም ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል። ጾታውን ሆዱን ገልብጠሽ ታውቂያለሽ፦ የወንዱ ሆድ ዕቃ ሽፋን ጠባብና ሦስት ማዕዘን ነው፣ ያደገች ሴት ግን ሰፊና ክብ ሽፋን አላት።

ወጣቷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የነገሩኝ ሁሉ የበለጠና ያነሰ ጉዳይ ነው፤ እሾህ ትንሽ፣ እሾህ ትልቅ። አንዱ ዝርያ እንደ ውሃው ጨውነትና እንደ ምግቡ መልኩን ቢቀያይርስ?

አዛውንቱ፦ ይህ ጠንካራ መከራከሪያ ነው፤ ባለሙያዎችንም ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በፊሊፒንስ ኤስታምፓዶር እ.ኤ.አ. በ1949 እነዚህን ሸርጣኖች ወደተለያዩ ዝርያዎች ከፈላቸው። በ1960 ግን ስቲፈንሰንና ካምቤል ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይ መለዋወጥ ነው ብለው ሁሉንም በሴራታ ስም ጠቀለሏቸው፤ ብዙ ሰውም ለአሥርት ዓመታት እነሱን ተከተለ። አንቺ እንዳልሽው መልኩን የሚቀርጸው አካባቢው ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ማንግሮቭ ጭቃ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሸርጣኖች አንድ መልክ በያዙ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው። በሜኮንግ ዴልታ ኦሊቫሲያና ፓራማሞሳይን በአንድ ውሃ እየኖሩ ግንባራቸው ተለያይቶ ይገኛል። በ1998 ኪነን፣ ዴቪና ማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከሕንድና ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻዎች የተሰበሰቡ ሸርጣኖችን መረመሩ። ቅርጻቸውን ለኩ፣ ኢንዛይሞቻቸውን ፈተሹ፣ የማይቶኮንድሪያቸውንም ዲኤንኤ አነበቡ። ሦስቱም መንገዶች እነዚያኑ አራት ቡድኖች አወጡ። እሾህና ኢንዛይም አንዱ ሌላውን አይከተልም፤ እየተስማሙ ከመጡ ታዲያ በጨው መብዛትና ማነስ ልናስረዳው አንችልም።

ወጣቷ፦ ዲኤንኤው ከፈረደ ታዲያ እነዚህን ብልቃጦች ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል?

አዛውንቱ፦ ዲኤንኤ ቡድኑን ይለያል፤ የትኛው ቡድን የትኛው ስም እንደሚገባው ግን አይነግርሽም። ሴራታ የሚለውን ስም ያወጣው የሊኒየስ ተማሪ ፔተር ፎርስኮል ነው። ከዴንማርክ ወደ ዐረብ አገር በተላከው ጉዞ ቀይ ባሕርን ሲያጠና ቆይቶ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ጽሑፉን በ1775 ያሳተመለት የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር ነው። የሸርጣኑ ገለጻ አጭር ሲሆን ስሙ የተመሠረተበት ዋቢ ናሙናም አልተረፈም። ያስከተለውን ተመልከቺ፦ ኤስታምፓዶር ቡድኖቹን ቢለይም ሴራታ ያለው ዛሬ ኦሊቫሲያ የምንለውን ሸርጣን ነበር፤ እውነተኛውን ሴራታ በሌላ ስም ጠራው። መለየቱ ትክክል ሆኖ ስያሜው ተሳሳተ፤ ስሙን የሚዳኝ ናሙና በእጁ አልነበረማ። ኪነንና ባልደረቦቹ በ1998 ይህን ያቃኑት ወደ ቀይ ባሕር ተመልሰው ከዚያ የተገኘ ሸርጣን በምትክ ዋቢነት በመሾም ነው። ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚጠራጠር ሁሉ ያንን ናሙና አስወጥቶ ግንባሩን ሊለካ ይችላል። ለእኔ የሙዚየም ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው፤ የእኔን ፍርድ አንቺ ትሽሪው ዘንድ ማስረጃውን ያቆይልሻል። በፎርማሊን የቆየ ናሙና ዲኤንኤው ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽም ከቅርጹ በቀር የሚጠየቅ ነገር አይኖረውም።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ለዓሣ አስጋሪው ምን ይፈይድለታል?

አዛውንቱ፦ ብዙ። ሴራታ ከአራቱ በትልቅነቱ ይታወቃል፤ ኦሊቫሲያ ከእሱ አንሶ ሳለ ለመራባት ይደርሳል። ሁለቱን አንድ ነው ብሎ አንድ የመያዣ መጠን የሚደነግግ ሕግ አንዱን ያለ በቂ ምክንያት ይከለክላል፣ ወይም ሌላውን ሳይወልድ ያስጨርሳል። ከ1998 በፊት በእስያ ስለ ሴራታ እርባታ ከተጻፈው ውስጥም ብዙው ስለ ሌሎቹ ዝርያዎች የተጻፈ ነው፤ ደቡብ ቻይና በብዛት የሚረባው ለምሳሌ ፓራማሞሳይን ነው። የዚያን ዝርያ የእድገት ልክ ለሴራታ የተጠቀመ አርቢ ይከስራል። ደግሞም የፊሊፒንስ አስጋሪዎች ሸርጣኖቹን ለያይተው በየስማቸው ይጠሯቸው እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ የእነሱ ዕውቀት ቶሎ ቢደመጥ መልካም ነበር።

ወጣቷ፦ ይኸኛው ትንሽ ነው፣ መቆንጠጫዎቹም የሉም። መለያ ወረቀቱ ላይ ምን ልጻፍ?

አዛውንቱ፦ «ስኪላ፣ ዝርያው ያልተለየ» በይ። ግምትሽን እንደ ውሳኔ አታስፍሪው፤ የሚቀጥለው ሰው አምኖ ይቀዳዋል። የተያዘበትን ቦታና ቀን፣ የሰበሰበውን ሰው፣ የውሃውን ሁኔታ፣ መጀመሪያ በፎርማሊን ይሁን በአልኮል መቀመጡን ግን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ። የድሮው ወረቀት ቢቀደድም አትጣይው፤ አዲሱን ከጎኑ አድርገሽ ሁለቱንም እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ተዪያቸው።