የፕላዝማ አልቡሚን መጠን እና የምግብ እጥረት ምዘና ወባ በሚበዛባቸው የወለጋ አካባቢዎች

ከሰው ደም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕላዝማ ነው። በጤናማ አዋቂ በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ አልቡሚን፣ ግሎቡሊን እና ፋይብሪኖጅን ናቸው። ከግሎቡሊኖች መካከል ፀረ እንግዳ አካላት ሰውነትን ከተዋህስያን ይከላከላሉ፤ ፋይብሪኖጅን ደም እንዲረጋ ያደርጋል። በብዛቱ ቀዳሚ የሆነው አልቡሚን ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ ያቆያል፤ ቅባት አሲዶችንና በርካታ መድኃኒቶችንም ያጓጉዛል። መደበኛ መጠኑ በሊትር ከ35 እስከ 50 ግራም ነው።

አልቡሚን በጉበት የሚመረተው ከምግብ ከሚገኙ አሚኖ አሲዶች በመሆኑ፣ የመጠኑ መቀነስ ለረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ምልክት ተደርጎ ተወስዷል። ይህ አተረጓጎም ግን እንደ ቢላ እና ነቀምቴ ባሉ የወለጋ ከተሞችና አካባቢያቸው ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ምዕራብ ኦሮሚያም በብርቱ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

ወባ ብግነትን ሲያስነሳ ጉበት የምርቱን ቅደም ተከተል ይለውጣል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንና ፋይብሪኖጅን ይጨምራሉ፤ የአልቡሚን ምርት ይቀንሳል። ከዚህም በተጨማሪ የረቂቅ ደም ሥሮች ግድግዳ ስለሚላላ አልቡሚን ወደ ኅብረ ሕዋስ ሾልኮ ይወጣል። የአልቡሚን ግማሽ ዕድሜ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚታይ ፈጣን መቀነስ በምግብ ማነስ ብቻ ሊብራራ አይችልም።

የአተረጓጎሙ ስሕተት ጉዳት አለው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን አልቡሚኑ ስለቀነሰ ብቻ የምግብ እጥረት አለበት ከተባለ፣ ሕክምና የሚሻው ኢንፌክሽን ሊዘነጋ ይችላል። በአንጻሩ፣ በጽኑ የከሳ ሕፃን አልቡሚኑ መደበኛ ሆኖ ሊገኝና ከእንክብካቤ ውጭ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ከ6 እስከ 59 ወር ባሉ ሕፃናት ላይ ለሚደረግ የምግብ እጥረት ልየታ አስተማማኙ መሠረት የአካል ልኬት ነው፦ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ የላይኛው ክንድ ዙሪያ፣ ክብደት ከቁመት አንጻር፣ እንዲሁም በሁለቱም እግሮች ላይ ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት። አልቡሚንን የሚለካ ጥናት ደግሞ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን አብሮ ሊለካና የወባ ምርመራ ውጤትን ሊመዘግብ ይገባል። ያለዚህ ማነጻጸሪያ ዝቅተኛ አልቡሚን የሕመምን መኖር እንጂ የረሃብን መጠን አያረጋግጥም።