ቤት ወይም መጋዘን ከመግዛት አስቀድሞ መዝገቡን ስለ መመርመር

በመተማና በአካባቢው ቈላ የሚሠራ ነጋዴ ሸቀጥን መመርመር የዕለት ተግባሩ ነው። ሰሊጥ ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ ያያል፤ ቀለሙን፥ ድርቀቱንና ንጽሕናውን ያመዛዝናል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘንም ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል። ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ግን የብዙ ዓመት ትርፉን አጠራቅሞ በመተማ ዮሐንስ ወይም በገንዳ ውሃ ቤት፥ ሱቅ ወይም መጋዘን ለመግዛት ሲነሣ፥ አንዳንድ ጊዜ ግድግዳውን አይቶና የሻጩን ቃል ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን ያስረክባል። የቤት ናሙና የሚገኘው በመዝገቡ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ገዢ ሊመረምራቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከዚህ ቀጥሎ በተራ እናመለክታለን።

አስቀድሞ የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ ሲደነግግ፥ በመሬቱ ላይ ለተሠራው ሕንፃ ግን ለባለቤቱ ሙሉ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ገዢው ዋጋ የሚከፍለው ለሕንፃው ነው።

1ኛ/ የባለቤትነት ማስረጃ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል የሰጠው የባለቤትነት ማስረጃ ያለው ሰው ባለቤት እንደሚባል ይገምታል። ዳሩ ግን በቁጥር 1196 ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው ክፍል የተሰጠ መሆኑ ከተረጋገጠ ግምቱ ይፈርሳል። ስለዚህ በሻጩ እጅ ያለውን ወረቀት ማየት አይበቃም። ገዢው ከሻጩ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ፥ ስሙን፥ የቦታውን ስፋት፥ አዋሳኞቹን፥ ፕላኑንና የግብር ደረሰኞቹን ከዋናው ፋይል ጋር ያመሳክር። አንዱ ከሌላው ካልተስማማ ልዩነቱ በጽሑፍ እስኪታረም ድረስ ቀብድ እንኳ አይስጥ።

2ኛ/ የቦታው ዓይነት። ቦታው ነባር ይዞታ፥ በሊዝ የተያዘ ወይም የገጠር ይዞታ ሊሆን ይችላል። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለው ዕዳ ስንት እንደ ሆነና የግንባታው ጊዜ አለማለፉ ይጠየቅ። በከተማው ዳር የሚገኝ መጋዘን በገበሬ ማሳ ላይ የቆመ እንደ ሆነ፥ የገጠር መሬት ደብተር ለከተማ ቤት ሽያጭ ማስረጃ አይሆንም። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» የሚለው ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤትም ዋጋው ርካሽ መስሎ ይታያል፤ በሚፈርስበት ቀን ግን ካሣ መጠየቂያ አይገኝለትም። እንዲሁም ሻጭ ነኝ ባዩ የቀበሌ ቤት ተከራይ አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ ተከራይ ለብዙ ዓመት ቢኖርበትም ቤቱን ሊሸጥ አይችልም።

3ኛ/ ዕዳና እግድ። ይህ ነጥብ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በሕግ የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ባለቤቱ ስለ ተለወጠ አይቀርም። ለምሳሌ አንድ መጋዘን በ900,000 ብር ተሸጠ፤ በላዩም የ350,000 ብር የባንክ ዕዳ ነበረበት እንበል። ገዢው ይህን ሳያውቅ ዋጋውን በሙሉ ለሻጩ ቢከፍል፥ ባንኩ መጋዘኑን ለዕዳው ማሸጥ ይችላል። ገዢው ንብረቱን ለማዳን ቢፈልግ የሚወጣበት ገንዘብ 1,250,000 ብር ይደርሳል። በቁጥር 3058 የመያዣ ምዝገባ ለ10 ዓመት የሚጸናና ሊታደስ የሚችል ስለ ሆነ፥ ምርመራው ቢያንስ የ10 ዓመቱን መዝገብ ሊያካትት ይገባል። የፍርድ ቤት እግድና ያልተከፈለ ግብር መኖር አለመኖሩም ይጠየቅ።

4ኛ/ የሻጩ ሥልጣን። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በውርስ የመጣ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይታወቁ። በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2205 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ልዩ ውክልና ስለሚጠይቅ፥ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ቃል አይበቃም። ውክልናው ያልተሻረ መሆኑም ይጣራ።

5ኛ/ ሕንፃው ራሱ። የተሠራው በፈቃዱና በፕላኑ መሠረት መሆኑ ይታይ። ዋልካ መሬት በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፥ የመሠረቱ ሥራ በባለሙያ ይመርመር። በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት ውስጥ አንድ መኖሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ያስታውስ፤ ደረጃው፥ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ስለ ሆኑ የማኅበሩን መተዳደሪያና የሻጩን ውዝፍ መዋጮ ይጠይቅ።

በቈላው አገር ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ተከፍሎ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውሃን ዋና ከተማው አድርጎ ራሱን የቻለ ዞን ስለ ሆነ፥ የቆየ ጉዳይ ሲኖር ቀድሞ የነበረውንም መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት፥ በክልሉም ግጭት ስለ ተነሣ፥ በችኮላ ለመሸጥ የሚገደድ ሰው ቢኖር አያስደንቅም። የሻጩ ችኮላ ግን የገዢው ችኮላ ሊሆን አይገባም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ተብሏልና። ዋናው ፋይል ካልተገኘ የሻጩ ቅጂ ምትክ አይሆነውም፤ ፋይሉ እስኪገኝ ወይም በሕግ እስኪተካ መታገሥ ይሻላል።

ምርመራው በመልካም ከተፈጸመ በኋላም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፥ በቁጥር 1723 መሠረት ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት ይመዝገብ። ቁጥር 2878 እንደሚያመለክተው ቤቱ ባለበት ስፍራ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልገባ ሽያጭ ሦስተኛ ወገኖችን መቃወሚያ አይሆንም። ስለዚህ ዋጋው በባንክ በኩል ተከፋፍሎ ይከፈል፤ የመጨረሻውም ክፍያ ስመ ንብረቱ በገዢው ስም ከተዛወረ በኋላ እንዲሆን በውሉ ይጻፍ። ሐቀኛ ሻጭ ይህን ቢጠየቅ አይከፋም፤ የሚከፋ ቢኖር ገዢው ስለ ምን እንደ ከፋው ቈም ብሎ ያስብ።