አፍንጫው ለወፈረ፦ ከሌዘሩ በፊት ናሙና

ከአዲ አርቃይ፣ ከደባርቅና ከዳባት ወጥተው ባሕር ማዶ የሚኖሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «አፍንጫዬ አብጦ ቆዳው ወፍሯል፤ ሐኪሙ ሮዛሺያ ነው፣ በሌዘር ይስተካከላል አለኝ። ልክፈል?» መልሱ ያው ነው፤ ናሙና ሳይመረመር ሰባራ ሳንቲም አይከፈልም።

ሮዛሺያ የተባለው የፊት ቆዳ በሽታ ሲቆይ አፍንጫን ማወፈሩ እውነት ነው። ራይኖፋይማ ይባላል፤ በብዛት የሚታየው ጎልማሳነትን ባለፉ ወንዶች ላይ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርም የቆዳውን ውኃ አትንኖ የወፈረውን በስሱ እየገፈፈ ቅርጹን ይመልሳል። ቀጠሮውንና ማደንዘዣውን ክሊኒኩ ያስረዳል።

ገንዘብንም ፊትንም የሚበላው ሌላ ነው። የሰሜን ተራሮች አካባቢ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ያለበት አገር ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማኒያ ኤትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በገደል ሽኮኮዎች ውስጥ ይኖራል፤ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች። ቁንጭሩ አፍንጫ ላይ ሲወጣ ብዙም ሳያምም ቀስ ብሎ ያሳብጣል። ከንክሻው እስከ እብጠቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። እናቱ ቤት ከርሞ ዋሽንግተን የተመለሰ ሰው ታዲያ ሁለቱን አያገናኛቸውም። ቁንጭር አይቶ የማያውቅ ሐኪምም ከሮዛሺያ ጋር ቢያምታታው አይገርምም፤ መመሳሰላቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ውፍረት የሚገፍፍ ሌዘር የቁንጭር መድኃኒት አይደለም። ላዩ ቢላጭ በሽታው ከሥር ይቀራል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጠልቆ ከገባ ደግሞ ጠባሳ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። መድን ድርጅቶችም ብዙ ጊዜ «ለውበት ነው» ብለው አይሸፍኑትም። ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ የታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዳባት ለተጀመረው ቤት ቆርቆሮ መግዣ ነበር።

ሰውን የሚያስቸኩለው ሐሜት ነው። ያበጠውን አፍንጫ አይቶ «መጠጥ ጀምሯል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጥምቀት ሳይደርስ ፊትን አስተካክሎ አገር መግባት ግዴታ ይመስላል። አልኮል ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችም ራይኖፋይማ ይይዛቸዋል። በስልክ የምታሙ ዘመዶች እረፉ፤ ሰውየውን ወደ ችኮላ የምትገፉት እናንተ ናችሁ። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የምትልኩም ተዉ፤ ሮዛሺያን ያባብሳል።

ለሐኪሙ በግልጽ ይነገረው፦ «ሰሜን ኢትዮጵያ ቆይቻለሁ፣ ሊሽማኒያ ይመርመርልኝ።» ምርመራው ቀላል ነው። የእብጠቱን ጠርዝ ደሙ እስኪሸሽ ቆንጥጠው ይይዙታል፤ በምላጭ ጫፍ ጭረው መስታወት ላይ ይቀቡና በማይክሮስኮፕ ያዩታል። አለዚያ ትንሽ ቆዳ ቆርጠው ይልካሉ። ለንደን ውስጥ የሐሩር በሽታዎች ሆስፒታል አለ፤ አሜሪካ ያለ ሐኪም ናሙናውን ለአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መላክ ይችላል። አገር ቤት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለሥጋ ደዌ የተቋቋመው አለርት ቁንጭርን ያክማሉ። በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና 28 ቀንና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል በሁለት ሳምንት ፈቃድ አይሞከርም።

ውጤቱ ሮዛሺያ ነው ካለ፣ ያኔ ሌዘሩ ይታሰብ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት በሌዘሩ ሕክምና የሰጣቸውን ጥቁር ሰዎች ፎቶ ያሳይ፤ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክር። አይሶትሬቲኖይን የተባለውን መድኃኒት የወሰደ ሰው አይደብቅ። የመድን ድርጅቱ መልስም ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ ይያዝ።