የበለስ ማርማላታ አሠራር

በለስ ጣፋጭ ነው፤ ማርማላታ ለሚሠራ ሰው ችግሩም ይኸው ነው። ወሽመላ የራሱ ኮምጣጣነትና ፔክቲን ስላለው ከስኳር ጋር ሲፈላ ብዙ ሳያስቸግር ይረጋል። በለስ ግን ሁለቱንም ከሎሚ መበደር አለበት።

በመቀሌ በለስ ወደ ዓዲ ሓቂና ወደ ሌሎቹ ገበያዎች በብዛት የሚገባው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለማርማላታ የሚመረጠው በስሎ ገና ያልላሸቀው ነው። ላዩ ላይ ያለው እንደ ብናኝ የረቀቀ እሾህ ቆዳ ውስጥ ከገባ ስለሚያሠቃይ፣ ፍሬው ሰፋ ባለ ሳፋ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በዱላ ይማሰላል፤ በባዶ እጅ አይነካም። ከዚያ በሹካ ተይዞ ሁለቱ ጫፎቹ ይቆረጣሉ፣ ልጣጩ በቁመቱ ይሰነጠቅና ተገልብጦ ይወጣል።

የተላጠው በለስ በማንኪያ ይደፈጠጥና በወንፊት ይጠለላል። በጁስ መፍጫ መፍጨት ሥራ የሚያቀልል ይመስላል፤ ሆኖም ማሽኑ ዘሩን ይሰባብረዋልና ማርማላታው አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ልጣጩና ዘሩ ብዙ ክብደት ስለሚወስዱ የሚመዘነው የተጠለለው ብቻ ነው።

ለ1 ኪሎ ግራም ጭማቂ 700 ግራም ስኳርና አንድ የቡና ሲኒ፣ 60 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። የሎሚው ፍሬና ነጩ የውስጥ ልጣጭ ፔክቲን ስላላቸው አይጣሉም፤ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተቋጥረው አብረው ይፈላሉ፤ በመጨረሻ ተጨምቀው ይወጣሉ። ድስቱ ሰፊ ቢሆን ይመረጣል፤ ውኃው ቶሎ ይተንናል፣ በሙቀት የሚደበዝዘው የበለስ ቀለምም ብዙ አይጎዳም።

በቴርሞሜትር የሚሠራ ሰው ከፍታውን ማስላት ይኖርበታል። የውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት ማርማላታ በ104 ወይም በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል ይላሉ፤ ይህ ለባሕር ጠረፍ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለችው መቀሌ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ማርማላታውም 97 ወይም 98 ላይ ይደርሳል። 104 እስኪሞላ የጠበቀ ሰው የሚያገኘው ከረሜላ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታው በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ይደረጋል፤ በጣት ሲገፋ ከተጨማደደ በቅቶታል።

ማርማላታው በትኩሱ፣ ተቀቅሎ በጸዳ ባለክዳን የመስታወት ዕቃ ይሞላል፤ ተከድኖም በፈላ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ቦታው ፍሪጅ ነው። ሳይረጋ የቀረውም ሕምባሻ ላይ ይፈስሳል፣ ወይም በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል።