ስለ ቅርጾች መዋሐድ

ዘንድሮ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በፓወርፖይንት ገለጻ እንድናቀርብ ታዘን ነበር። (ለማያውቁት ወላጆቻችን፦ ፓወርፖይንት ጽሑፍንና ሥዕልን ገጽ በገጽ ለተመልካች የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው።) ለእኔ የደረሰኝ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ሲሆን፥ ከላይ ወደ ታች ለሚመለከተው ክንዶቹ እኩል የሆኑ መስቀል ነው። ከዱከም ሄዶ ለማየት ዕድል ላላገኘ ሰው ሥዕሉ ብዙ ይረዳል ብዬ፥ ርዝመቱ 12 ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ሣልሁ፤ ሌላ ተመሳሳዩን አግድም ደረብሁበት።

ነገር ግን መደረብ መዋሐድ አይደለም። የሁለቱ ጠርዝ መካከል ላይ እየታየ መስቀሉ የተጠላለፈ ጣውላ መሰለ፤ አንዱን ስነካው ብቻውን ሸሸ። ይባስ ብሎ አንድ ጓደኛዬ የመስቀሉ ስፋት ስንት እንደ ሆነ ቢጠይቀኝ፥ 48ንና 48ን ደምሬ 96 ካሬ ሳንቲ ሜትር አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። ሁለቱ የሚጋሩትን 16 ሁለት ጊዜ ቈጥሬዋለሁና፥ ትክክለኛው መልስ 80 ነበር።

«መርጅ ሼፕስ» የሚባለውን ትእዛዝ ያጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ «ሼፕ ፎርማት» በሚለው ሥር ይገኛል። «ሺፍት»ን ተጭኖ ቅርጾቹን አከታትሎ መምረጥ፥ ከዚያም ከአምስቱ አንዱን ማዘዝ ነው። «ዩኒየን» ሁለቱን አንድ አካል ያደርጋል፤ ስፋቱም 80 ነው። «ኮምባይን» የተደራረበውን መካከል ክፍት ስለሚያደርገው 64 ይቀራል። «ኢንተርሴክት» የጋራውን 16 ብቻ ያስቀራል። «ፍራግመንት» ደግሞ በየድንበሩ ይቈራርጠዋል፤ የእኔ መስቀል አምስት እኩል ካሬ ሆነ፥ እያንዳንዱም 16። ከዚህ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ 96 ባላልሁ! «ግሩፕ» ግን ከእነዚህ አይቈጠርም፤ ቅርጾቹን አብሮ ያስራቸዋል እንጂ አያዋሕዳቸውም።

ያስቸገረኝ «ሰብትራክት» ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ የተቈፈረውን ጉድጓድ ለማሳየት እያንዳንዱ ጐኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሣልሁ፤ መስቀሉን መካከሉ ላይ አስቀመጥሁ። መስቀሉን አስቀድሜ፥ ካሬውን አስከትዬ መርጬ ባዝዝ ሥዕሉ በሙሉ ጠፋ። ለካ የሚቀነሰው ኋላ የተመረጠው ነው፤ ከትንሹ ላይ ትልቁን ቢቀንሱ ምን ይተርፋል? «አንዱ» በሚለው ትእዛዝ መልሼ፥ መስቀሉ አብሮ ስለሚጠፋ ቅጂውን በሌላ ስላይድ አኖርሁ። ከዚያም ካሬውን አስቀድሜ ደገምሁት። ከ400 ላይ 80 ተቀንሶ 320 ቀረ።

ቀለም የያዘውን ይህን 320 ስመለከተው ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘሁት። በእኔ ስላይድ ላይ የቀረው፥ ጠራቢዎቹ ከዐለቱ ቈፍረው ያወጡት ነው፤ እኔ የቀነስሁት መስቀል ደግሞ እነርሱ ያስቀሩት ነው። ስለዚህ ቅጂውን አምጥቼ ክፍት በቀረው ስፍራ አስገባሁት፤ ጉድጓዱን ግራጫ፥ ቤተ ክርስቲያኑን ቀይ ቀለም ቀባሁት።